ሁለቱ የተዉት ወንበር

ሰው ሁሉ እንደ መምህር ቢሆን ዓለም ገነት ትሆን ነበር ይባላል። ይህን የሚሉት ሰዎች ግን አንድ ሳምንት እንኳ ከመምህር ጋር ኖረው አያውቁም። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱ ናት፤ እሷን ደግሞ እስካሁን የጠየቃት የለም።

መምህር በሙያው መጽሐፍ ጠራዥ ነው። የቤቱ የፊት ክፍል በወረቀት ቁርጥራጭና በክር ጥቅል የተሞላ ሲሆን ሙጫ ሙጫ ይሸታል። መምህር የተባለው እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በጉባኤያቸው አዳራሽ ስለሚያስተምር ነው። የሚያስተምረውም ዓመት እስከ ዓመት አንድ ነገር ነው፤ ክርስቲያን ምንም ሲያደርግ «ለእኔስ?» ብሎ መጠየቅ የለበትም፣ የክርስቲያን ምግባር መሠረቱ የራሱን የማይፈልግ ፍቅር ነው፣ ሌላው ሕግ ሁሉ እዚያ ላይ የቆመ ግድግዳ ነው ይላል። ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ይሰማዋል። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ሚስቱም ድሮ ታለቅስ ነበር። ካፖርቱን ለመንገደኛ ሰጥቶ በሳንባ ምች ሲወድቅ ያስታመመችው፣ አልጋቸውን ለእንግዳ ለቆ መሬት ሲተኛ ጎኑ የተኛችው እሷ ስለሆነች ግን ቀስ በቀስ እንባዋ ነጠፈ።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለሴት ብቻ መሆኑ ይገርመኛል» ትላለች ለሥራ ባልደረቦቿ፤ «እኛ ቤት የሚያማስለው እሱ ነው።»

እሷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ምድር ቤት፣ በእንፋሎት በታፈነ ክፍል ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ አንሶላና የታካሚ ልብስ ስታስገባና ስታወጣ ትውላለች። ባሏ ደግሞ ኩላሊቱ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በሳምንት ሦስት ቀን እዚያው ሆስፒታል ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በኩላሊት እጥበት ክፍል አራት አራት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጦ ደሙን በማሽን ያስጣራል። «እኔ ታች አጥባለሁ፣ አንተን ላይ ያጥቡሃል፤ ሳይታጠብ የቀረው ቤታችን ብቻ ነው» እያለች ታስቀው ነበር። ይህ እንግዲህ ማሽኖቹ ከመበላሸታቸው በፊት ነው።

ክፍሉ አራት ወንበር፣ አራት ማሽን ነበረው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱ ቆሙ። መለዋወጫው ሰኞ ይደርሳል ተባለ። ሦስት ቀን የነበረው ተራ ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አንድ ወረደ፤ የታካሚዎቹ ፊት እየነፋ፣ እግራቸው እያበጠ ሄደ። ረቡዕ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏት ቀጭን ሴት፣ የስም ዝርዝሩን ይዛ ወጣች። ለሐሙስ ጠዋት ሦስተኛው ወንበር ላይ ሁለት ሰው ተደራርቧል፤ መምህርና ባለ መንታዋ። ቦታው ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ ነው። የቀረው እስከ ሰኞ መቻል አለበት።

«ዶክተሩ ሁለታችሁንም አይቷል፤ ሕመማችሁ እኩል ነው» አለች ሲስተር። «እኩል ከሆነ የምንሄደው በተራ ነው። ተራው የመምህር ነው።»

ባለ መንታዋ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። መንታ ሴቶች ስትወልድ ኩላሊቷ ተጎዳ፤ የልጆቹ አባት ሕመሟን ሲሰማ እግሬ አውጪኝ ብሎ ጠፋ፤ እናቷ ጋ ተጠግታ ነው የምትኖረው። እሑድ እሑድ በመምህር ትምህርት ላይ የፊት ወንበር ይዛ፣ አንዷን ልጅ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሚለውን ሁሉ በደብተር ትጽፋለች። መምህር ሲስተርን አንዴ፣ እሷን አንዴ አየና ሳያመነታ «ተራዬን ለእሷ ሰጥቻለሁ» አለ።

ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወርዶ ለሚስቱ ነገራት። የእርጥብ አንሶላ ክምር አቅፋ ነበር፤ ክምሩን እንዳቀፈች ቀረች።

«ምን አልከኝ?»

«ልጆች አሏት።»

«እኔስ? እኔ ማን አለኝ?»

ልጅ አልወለዱም፤ ወንድምም እህትም የላትም።

«እስከ ሰኞ አራት ቀን ነው» አለ።

«ዶክተሩ ባለፈው ምን አለህ? ውሃው ሳንባህ ውስጥ ከገባ የምትቆየው በሰዓት ነው አላለም? አጠገብህ ቆሜ ሰምቻለሁ እኮ! ደግሞስ ትእዛዙ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ነው የሚለው። እንደ ራስህ! ከራስህ አስበልጠህ አላለም። ራስ የሌለው ሰው በምን ይለካዋል?»

«እሱ መነሻው ነው። መጨረሻው ግን ጌታ እንደ ወደደን መውደድ ነው። እሱ ራሱን አልሰጠም?»

«እሱ በሦስተኛው ቀን ተነሥቷል። አንተ ትነሣልኛለህ?»

የሚያጥቡት ሴቶች ሁሉ ሥራቸውን አቁመው ያዩዋቸዋል። መምህር ፈገግ አለና ግንባሯ ላይ የቀረውን የሳሙና አረፋ በአውራ ጣቱ ጠረገላት። «አንቺ ደግሞ» አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። የሚያሳብዳት ይኸው ነው። አንድ ቀን እንኳ ጮኾባት ቢያውቅ፣ አንድ ቀን እንኳ ለራሱ ሲስገበገብ ብታየው፣ እሷም በተራዋ ደግ መሆን በቻለች ነበር። ደግነቱን ሁሉ እሱ ወስዶት ለእሷ የቀረላት ንጭንጭ ብቻ ነው።

ሥራዋን ለባልደረባዋ አደራ ብላ ወጣች። በቀጥታ ወደ ባለ መንታዋ ቤት ሄደች።

ቤቱ ከብረታ ብረት ሥራ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። የመቁረጫው ጩኸት ግድግዳውን ይነዝረዋል፤ ሕፃናቱ ግን ለምደውት ፍራሹ ላይ ተኝተዋል። አያታቸው ጓሮ ልብስ እያሰጡ ነበር። ባለ መንታዋ ትራስ ደግፋ ተቀምጣለች። ዐይኖቿ ከማበጥ ብዛት ጠበዋል።

«እትዬ! እርስዎ በዚህ ሰዓት? ምነው፣ በደህና?»

ስትመጣ መንገድ ላይ ያሰናዳችው ንግግር ነበር፤ ስለ ተራና ስለ ደንብ። አንዱም አልመጣላትም። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበረከከች።

«ተራው የእሱ ነበር» አለች። «የእሱ ነበር ልጄ። እሱ ለራሱ አይናገርም። ማንም አይናገርለትም። ሌላ ሰው የለኝም። እባክሽ።»

ልጅቷ ገና ሳትጨርስላት እጇን ያዘቻት። እጇ እንደ ሊጥ የለሰለሰ፣ ቀዝቃዛ ነበር።

«እኔም ከጠዋት ጀምሮ ስጨነቅ ነበር። እንዴት ብዬ የእሳቸውን እወስዳለሁ? ለእኔስ ማለት የለብንም ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው አይደሉም? ይሂዱ። እኔ እስከ ሰኞ እችላለሁ።»

እዚህ ላይ የመምህር ሚስት አንድ ነገር መናገር ነበረባት። ምን እንደሆነም ታውቃለች፤ ሁለቱ ሕፃናት ዐይኗ ሥር ተኝተዋል። አንቺ እናት ነሽ፣ የምትሰጪው የአንቺን ብቻ አይደለም፣ ልትላት ይገባ ነበር።

«ቃል ግቢልኝ» ነው ያለችው።

«ቃሌ ነው። ለእሳቸው ግን አይንገሯቸው፤ እምቢ ይላሉ።»

አያትየው ባዶ የልብስ ሳፋ ይዘው ገቡና «ውይ የመምህር ባለቤት! ይቀመጡ እንጂ» አሉ። ሥራ አለብኝ ብላ ወጣች። መንገድ ላይ እርምጃዋ ቀሎ አገኘችው። ደስ ብሏት ነበር። ደስታዋ ራሷን አስጠላት፤ ቢያስጠላትም ደስታ ነበር።

ቤት ስትገባ በትዳር ዘመኗ የመጀመሪያውን ትልቅ ውሸት ዋሸችው። «አንደኛው ማሽን ተሠርቷል። ነገ ለሁለታችሁም ቦታ አለ» አለችው። መምህር እጆቹን ዘርግቶ አመሰገነ። እሷ ዐይኑን ላለማየት ጓዳ ገባች።

ሐሙስ ማለዳ፣ በሚቀጥለው አውቶቡስ ተከትሎኝ ይመጣል ብላ ቀድማው ወጣች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ንጹሕ አንሶላ በጋሪ ጭና ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች። ማየት ፈልጋ ነው። ክንዱን ዘርግቶ፣ ደሙ በቀጭኑ ቱቦ ሲመላለስ አይታ ልትመለስ።

ሦስተኛው ወንበር ባዶ ነበር።

ማሽኑ በርቷል፤ ቱቦዎቹ ተዘጋጅተው ተሰቅለዋል፤ ወንበሩ ላይ ትናንት እሷ ያጠበችው አንሶላ ምንም ሳይጨማደድ ተነጥፏል። ሲስተር ስታያት ፈጥና መጣች።

«ባልሽ የት ነው? ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ስልኩ ዝግ ነው። የባለ መንታዋም ዝግ ነው። አንዳቸው ይመጣሉ ብዬ ማንንም አልጠራሁም። ምን እያደረጋችሁ ነው እናንተ ሰዎች?»

«እስከ ስንት ሰዓት ትጠብቂያለሽ?»

«እስከ አምስት። ከዚያ በኋላ ለከሰዓት ተረኛ ነው፤ እሱም ሰው ነው፣ እሱም ይሞታል።»

ጋሪውን እዚያው ትታ ሮጠች። ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ታክሲው ውስጥ እርጥቡ ሽርጥ ጉልበቷ ላይ ተጣብቆ፣ «አምላኬ፣ እንቅልፍ ጥሎት ነው፣ አርፍዶ ነው፣ አውቶቡስ አምልጦት ነው» እያለች በየመብራቱ ትጸልያለች።

መምህር የፊት ክፍል ውስጥ፣ የሥራ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ መጽሐፍ ይሰፋ ነበር። በጋደመ ቁጥር ስለሚያፍነው ሌሊቱንም የተኛው ተቀምጦ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ለምን አልሄድክም?»

«አትቆጪ። ትናንት አንቺ ጓዳ ሳለሽ፣ ለሁለታችንም ቦታ ተገኘ ብዬ ደስታዬን ላካፍላት ደወልኩላት። ልጅቷ መዋሸት አታውቅም፤ ቦታው አንድ ብቻ እንደሆነ፣ ለእኔ እንደተወችልኝ ነገረችኝ። አንቺ ነሽ የምትሄጂው፣ እኔ በፍጹም አልሄድም አልኳት። እሺ መምህር አለች። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። አሁን ወንበሩ ላይ ናት፣ እኔም ደህና ነኝ።»

«ወንበሩ ላይ ማንም የለም!» ብላ ጮኸች። «ባዶ ነው! ባዶውን ነው ያለው!»

መርፌው ከእጁ ወደቀ።

«እሺ ብላኛለች እኮ» አለ።

«ለእኔም ቃል ገብታልኛለች!»

ተያዩ። ሌላ ማስረዳት አላስፈለገም። ልጅቷ ታላቅን እምቢ ማለት አይሆንላትም፤ ለመምህር እሺ አለችው፣ ለሚስቱ የገባችውን ቃል ጠበቀች፣ እሱን ሚስቱ ጎትታ ትወስደዋለች ብላ አመነች። እሱ ደግሞ የራሱን ቃል ጠበቀ። ማንም ሊያባብለኝ እንዳይችል ብለው ሁለቱም ስልካቸውን ዘጉ። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ በሩ ላይ ተጋፍተው አንዳቸው ይቀመጡ ነበር።

«ተነሥ። ሰዓት አለ፤ ሆስፒታል እንሂድ» አለች።

ደግፋው ወጡ። የታክሲው ሹፌር «ወዴት ነው?» ሲል እሷ «ሆስፒታል» አለች፣ እሱ «ከብረታ ብረት ሥራ ቤቱ ጀርባ» አለ፣ በአንድ አፍ።

«መጀመሪያ ተስማሙና ንገሩኝ» አለ ሹፌሩ።

«ሆስፒታል!» አለች። «አንተ ትቀመጣለህ፣ እኔ እሷን አመጣታለሁ፣ በእናቴ አጥንት...»

መምህር የመኪናውን በር ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣ። በዚያ ባበጠ እግር ሊሄድ ነው። ታውቀዋለች፤ እስከሚወድቅ ይሄዳል። «እሺ» አለች ለሹፌሩ፤ «እሱ ወዳለህ ቦታ ንዳ።»

አያትየው በር ላይ፣ ሁለቱን ሕፃናት በሁለት ክንዳቸው አቅፈው ቆመው አገኟቸው። «ቀስ በሉ» አሉ በሹክሹክታ፤ «ሌሊቱን ሙሉ ሲያፍናት አድሮ አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት።»

እንቅልፍ አልነበረም። መምህር ፍራሹ አጠገብ ተንበርክኮ «ልጄ» አላት። ደረቷ ውስጥ ውሃ ሲንፈቀፈቅ ይሰማል፤ ከአፏ ጥግ ሮዝ አረፋ ይወጣል። ሹፌሩ ሳይጠሩት ገብቶ ተሸከማት። በመንገዱ ሁሉ የመምህር ሚስት የልጅቷን ራስ ደረቷ ላይ ደግፋ፣ «ትንፋሽሽን፣ ትንፋሽሽን» ትላታለች። ሲስተር ታች በር ድረስ ወርዳ ነበር። አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወንበሩ ላይ አስቀመጧት። ዶክተሩ መጣ፤ መርፌ ወጉ፣ ኦክስጅን አደረጉ፣ ደረቷን በእጃቸው ጫኑ። ከዚያ እጃቸውን አነሡ።

«ጠዋት መጥታ ቢሆን...» አለ ዶክተሩ። የቀረውን አልጨረሰውም።

በአልጋ ወሰዷት። ሲስተር ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ወደ መምህር ዞረች። ለከሰዓት ተረኛው ደውላ በአንድ ሰዓት አዘግይታዋለች፤ ትንሽም ቢሆን ደሙ ይጣራ፣ አለበለዚያ እሱም ማታውን አያይም። ወንበሩ ላይ ያለው አንሶላ መቀየር ነበረበት። ጋሪው ጠዋት እንደተወችው መተላለፊያው ላይ ቆሟል። የመምህር ሚስት ሄዳ ንጹሕ አንሶላ አመጣች፤ የተነጠፈውን ገፈፈች፤ አዲሱን ዘረጋች፣ ጠርዙን አጠፈች። እጆቿ ሥራቸውን ያውቁታል፤ እሷ እዚያ አልነበረችም።

«ቁጭ በል» አለችው።

«አልችልም።»

«አሁን ደግሞ ለማን ልትሰጠው ነው?»

ተቀመጠ። ሲስተር መርፌዎቹን ክንዱ ላይ ሰካች፣ ማሽኑ መዞር ጀመረ። ዐይኑን ጨፍኖ እንባው ወደ ጆሮው ይወርዳል። ሚስቱ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። በሕይወት አለ። ከትናንት ጀምሮ የለመነችው ይህንኑ ነው፤ ተሰጥቷታል። ልቧን ብትዳብሰው ግን ምንም አልነበረበትም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አያትየው መጡ። ታች ነግረዋቸዋል። አላለቀሱም፤ ገና አልገባቸውም። ሁለቱን ሕፃናት መያዝ ስላቃታቸው አንዷን ለመምህር ሚስት አቀበሏት። ሕፃኗ ሞቃት ነበረች፤ ወዲያው የሽርጡን ማሰሪያ ይዛ ወደ አፏ አደረገችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ አሮጊቷ። «ትናንት ከሥራ ወጥተው መጥተው አዩዋት። የመምህር ባለቤት እኔ ቤት መጡ እያለች እንዴት ደስ ብሏት ዋለች መሰለዎት። ሌሊት እንኳ ሲጨንቃት፣ ሆስፒታል እንሂድ ስላት፣ የለም እማዬ፣ ዛሬ የእኔ ቀን አይደለም እያለች...»

መምህር ዐይኑን ገለጠ። መነሣት አይችልም፤ ሁለት ቱቦ ክንዱ ላይ ተሰክቷል። ራሱን ብቻ ቀና አደረገ።

«እማማ» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሁሉም በእኔ ነው፤ ሌላ ማንም...»

ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። ያንኑ ለስላሳ ድምፅ ይዞ፣ እዚያ ወንበር ላይ ሆኖ እንኳ፣ የእሷን ድርሻ ሊሸከምላት እጁን ዘርግቷል።

«ይህቺን እንኳ አትውሰድብኝ» አለችው።

ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረች። ሕፃኗ ማሰሪያውን እየጎተተች ነበር።

«እማማ፣ ትናንት የመጣሁት ሕመሟ አሳስቦኝ አይደለም። ቦታዋን ልለምናት ነው የመጣሁት። ለባሌ ልቀቂለት ብዬ ተንበረከክሁባት። ልጆቿ አጠገቧ ተኝተው ነበር፤ እያየኋቸው ቃል አስገባኋት።»

ማሽኑ ይዞራል። አሮጊቷ በአንድ ክንዳቸው አንዷን እንደያዙ ሌላውን ክንዳቸውን ዘረጉና ሕፃኗን ከእቅፏ ወሰዱ።